የመከታ አሥር ቀናት

ነገሩ ወዲህ ነው። ያለፈውን ያሆዴ ከቤተሰቤ ጋር ላሳልፍ ብዬ ሞርሲቶ ሄጄ ነበር። ሞርሲቶን ለማያውቋት አንባቢያን፣ በሀዲያ ዞን የሚሻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከመንገድ ዳር ሱቆቿ ጀርባ ወዲያው የእንሰት ጓሮ የሚጀምርባት የደጋ ከተማ። ያሆዴም የሀዲያ የዘመን መለወጫ ነው፤ ከመስቀል ጋር ገጥሞ ይውላል፤ ከየቤቱ የአታካና ቅቤ ይሸታል፤ አዲስ አበባ የከረመ ሁሉ፣ እንደኔ ጡረታ የወጣው እንኳ ሳይቀር፣ ወደ አባቱ ጓሮ ይመለሳል።

ከግቢው በር የተቀበለኝ ግን ሰው አልነበረም። ስሙ መከታ ይባላል። ዳማ፣ ጅራቱ ወደ ጀርባው የተጠቀለለ፣ ጆሮው ገና በቡችላነቱ የተቆረጠ፣ ዘሩን ማንም የማይጠይቀው የአበሻ ውሻ ነው። ሊዘልብኝ ሲንደረደር የእህቴ ልጅ ከኋላው መጣና ድምፁን ሳያሰማ እጁን ከፍ አደረገ። ውሻው ባለበት ቁጭ አለ። እኔ በተወለድኩበት ግቢ ውሻ ሲጮኽ፣ ሲነክስ፣ ሲመታ፣ ሲታሠር አይቼ አድጌአለሁ፤ ታዝዞ ሲቀመጥ ግን ያን ቀን ማየቴ ነው።

«ማን አስተማረህ?» አልኩት ልጁን።

«ከቪዲዮ ነው አጎቴ» አለና ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

አሳየኝ። አንድ ፈረንጅ ጠፍጣፋ ሣር ላይ ተንበርክኮ፣ በጣቶቹ መካከል ትንሽ ምግብ ይዞ፣ ከውሻው አፍንጫ በላይ ቀስ አድርጎ ያሳልፈዋል። የውሻው ራስ ምግቡን ተከትሎ ወደ ላይ ሲቃና መቀመጫው በራሱ ጊዜ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ያኔ ፈረንጁ ምግቡን ይሰጠዋል። ጉልበት የለም፣ ጩኸት የለም። የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛው የ11ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ስለሆነ የንግግሩን ግማሽ አልሰማውም፤ እጁን ግን በደንብ አይቷል። በፈረንጁ ብስኩት ምትክ የቆጮ ቁራሽ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከሥጋ ቤት የለመነውን ጅማት ይዞ፣ መከታን በሁለት ሳምንት አስቀምጦታል። ልክ ሲቀመጥ «ደግ አደረግህ» የሚል ምልክት መስጫ መሣሪያ ፈረንጁ እጅ ላይ አለ፤ ልጁ እሱንም በእስክሪብቶ ጠቅታ ተክቶታል። ኩራት ተሰማኝ፤ ምን ያደርጋል፣ ኩራቱ ሦስት ቀን ብቻ ቆየ።

በበዓሉ ማግሥት እንግዳ ሲበዛ መከታ ገቢ ወጪውን ሁሉ እየጮኸ አስቸገረ። ልጁም ሌሊት ሌላ ቪዲዮ ፈለገ። በዚህኛው ላይ ሌላ ሰው ነው የሚናገረው፤ ውሻ ቤቱን ልግዛ የሚል አውሬ ነው፣ ማን ጌታ እንደሆነ አሳየው፣ በጀርባው ገልብጠህ እስኪሸነፍ አንገቱን ያዘው ይላል። ልጁ ጧት የታየውን ለመፈጸም ተነሣ። መከታ ከገበታው እየበላ ሳለ አንገቱን ይዞ ገለበጠው። ቀጥሎ የሆነውን ለመናገር ረጅም ጊዜ አይፈጅም፤ ከልጁ አንጓ ላይ ሁለት ቀዳዳ፣ ከእህቴ ጉሮሮ አንድ ጩኸት።

«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይኸው ነው» አለ አንድ ጎረቤት። ሌላው መርዝ የት እንደሚገኝ ተናገረ። እኔም፣ ዛሬ ልሸፋፍነው ብል አይሆንም፣ «ይህ ውሻ ዛሬውኑ ይወገድ» ካሉት አንዱ ነበርኩ። እንዲያውም ድምፄ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ዘጠና የተጠጉት አባቴ ብቻ በርጩማቸው ላይ ሆነው፣ «ቆዩ፤ መጀመሪያ ልጁን» አሉ።

እህቴ የተፈጨ ቡና ልትነሰንስበት ስትል በጤና ሥራ የምታገለግል አንዲት የጎረቤት ልጅ ደርሳ ከለከለቻት። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠበችው። ከዚያ ወደ ሆሳዕና ሄድን። በመጀመሪያ የደረስንበት ቦታ «ክትባቱ አልቋል» አሉን፤ በሁለተኛው ተገኘ። ዜሮ ቀን፣ ሦስተኛ ቀን፣ ሰባተኛ ቀን፣ አሥራ አራተኛ ቀን ተብሎ በካርድ ተጻፈለት። ባለሙያው ስለ ውሻው ጠየቀን፤ መከታ ተከትቦ ያውቃልን? አያውቅም። ልጆቹ ሁሉ ሲከተቡ ውሻውን ማን አስታወሰው! «እንግዲያው እንዳትገድሉት» አለን። «እሠሩትና አሥር ቀን ተመልከቱት። በአሥረኛው ቀን ደኅና ከሆነ፣ በነከሰው ጊዜ ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ከገደላችሁት ግን ምስክሩን ገደላችሁ።»

መከታ በዚህ ምክንያት አሥር ቀን አገኘ። እኔም አሥር ቀን ከአንድ ጥያቄ ጋር ታሠርኩ። ሁለት ቪዲዮ አየን፤ ሁለቱም ስለ ውሻ ነው፤ ሁለቱም በራስ መተማመን የሚናገሩ ናቸው። አንዱ ውሻውን አስቀመጠው፣ አንዱ ልጁን አስነከሰው። እነዚህ ሁለት ምክሮች ከየት መጡ? የታሪክ መምህር ሆኖ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው፤ መጻሕፍቴን ባልይዝም የልጁን ስልክ ተውሼ ፍለጋ ገባሁ።

መጀመሪያ ያስነሣኝ ፍርሃቱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ሰውን ከሚገድለውም ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ከውሻ የሚመጣ ነው። አዲስ አበባ ገና በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ1895 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ገደማ፣ ወረርሽኙ ገብቶባት እንደነበር በታሪክ ተመዝግቧል። ያ ሲሆን በፓሪስ ሉዊ ፓስተር ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትቦ ካዳነ፣ እ.ኤ.አ. ከ1885 ወዲህ፣ 18 ዓመት አልፎ ነበር። የፓስተር ስም ወደ እኛ የመጣው በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ነው። በኔ ትውልድ ያሉ ሰዎች የዚያን ዘመን ክትባት የሚያስታውሱት በሆድ ላይ በሚወጋው የመርፌ ብዛት ነው፤ በእንስሳት አንጎል ላይ ይዘጋጅ የነበረ ክትባት ስለሆነ ለቀናት ተከታትሎ ይሰጥ ነበር። «ውሻ ነከሰው» የሚለው ቃል እናቶቻችንን ያስጮህ የነበረው በቁስሉ ብቻ አልነበረም።

ከተሞቻችን ለዚህ ፍርሃት የሰጡት መልስ ለረጅም ጊዜ አንድ ነበር፤ ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ ሥጋ ላይ ነስንሶ ሌሊት መንገድ ላይ መጣል። ጧት የወደቀውን ሬሳ እየቆጠሩ ትምህርት ቤት መሄድ ለብዙዎቻችን የልጅነት ትዝታ ነው። ይሁንና በሽታው በመርዙ አልጠፋም። የተገደለውን ውሻ ስፍራ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋልና። በሽታውን የሚገታው ከአንድ አካባቢ ውሾች መካከል 70 በመቶ ያህሉን መከተብ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ይናገራል። ነገሩ የሰው ጉዳይ ብቻም አይደለም። በዓለም ላይ ከእኛ አገር ተራሮች በቀር የማይገኘው፣ ቁጥሩ ከጥቂት መቶዎች የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ፣ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 በብዛት ያለቀው ከእረኛ ውሾች በተላለፈበት በዚሁ በሽታ ነው። ስለዚህ እዚያ ቀበሮውን ለማዳን የሚከተበው የገበሬው ውሻ ነው።

ፍርሃቱን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ንቀቱ ልለፍ። እኛ ውሻን እንዴት ነው የምናየው? ከተረትና ምሳሌያችን ብንነሣ ብዙ ምስጋና አናገኝም። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል»፤ «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ»፤ «ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ»። ግን ስሙ ራሱ ሌላ ታሪክ ይነግረናል። በግዕዝ ውሻ «ከልብ» ነው፤ ትግርኛው ከልቢ ይለዋል፤ ዐረብኛውም ያንኑ ቃል ይጠራል። አማርኛ ግን ይህን የሴም ወርሱን ትቶ «ውሻ» አለ። ወደ ሞርሲቶ ብትመጡ በሀዲይኛ ዊሺቾ፣ በከምባትኛ ወሹ፣ በሲዳምኛ ወሺቾ ሲባል ትሰማላችሁ። የቋንቋ ሊቃውንት ቃሉ ወደ አማርኛ የገባው ከኩሽ ቋንቋዎች ነው ይላሉ። አገር ያስገበረው ቋንቋ የደጁን ጠባቂ ስም ከተገባሪው ተዋሰ ማለት ነው።

«ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» የሚለውም የእህል አገር ተረት መሆኑን ያስተዋልኩት በእነዚያ ቀናት ነው። ጤፍና ገብስ በሚታረስበት ሜዳ እርሻው ከቤት ይርቃል፤ ውሻው ቤት ይቀራል። በእንሰት አገር ግን እርሻው የቤቱ ጓሮ ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ጃርት ግን በአንድ ሌሊት ሥሩን ቆፍሮ የስድስት ዓመት ድካም ይጥለዋል። ከርከሮም እንደዚያው። ስለዚህ በሀዲያና በከምባታ ውሻ ከእርሻ ጋር በደንብ ያገባዋል፤ የቤተሰቡን የክፉ ቀን ቀለብ የሚጠብቀው እሱ ነው። ተረቱ ከእኛ ጓሮ ቢወለድ ኖሮ ሌላ ይል ነበር።

ቤተ መንግሥት የገባም ውሻ አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ፣ ያቺ ከጉልበት የማትደርስ ቺዋዋ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በተነሣችው ፎቶግራፍ በዓለም ታውቃለች። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ የምትሸናውን የሚጠርግ አንድ አሽከር ነበር ብሎ ጻፈ። ቤተ መንግሥቱን የሚያውቁ ሰዎች ይህን ተረት ነው ብለውታል። እውነት ይሁን ሐሰት፣ ወሬው የተወደደው አንድ ነገር ስለነካ ይመስለኛል፤ በእኛ አገር ውሻ ከሰው በላይ ሲቀመጥ ማየት የዓለም መገልበጥ ነውና።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን አንድ የዘመን መገጣጠም ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ኮንራድ ሞስት የተባለ የፖሊስ ሹም ዛርብሩከን በምትባል የጀርመን ከተማ ውሾችን ለፖሊስ ሥራ፣ በተለይም የወንጀለኛን ዱካ በሽታ ለመከተል ማሠልጠን ጀመረ። በዚያው ዘመን እኛ ዘንድ ሌባ የሚፈለገው በሌባ ሻይ ነበር። ለአቅመ አዳም ላልደረሰ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ጢስ አስበውት፣ ወገቡን በመቀነት አሥረው ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ፣ አንዳንዴም በአራት እግሩ እየዳኸ፣ ከሰው ቤት ይገባል፤ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። አገሩን የጎበኙ ፈረንጆች በመገረም ጽፈውታል። እነሱ ውሻ ሲያስሩ እኛ ልጅ አሠርን። ይህን የምለው አባቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ የጀርመኑ ውሻም ቢሆን ዱካውን የተማረው በበቂ ዱላ ነው። ሞስት እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተመው የውሻ መግሪያ መጽሐፍ ስለ ሽልማት ጥሩ ጥሩ ነገር ቢይዝም፣ ትእዛዙ የሚጸናው በአለንጋና በሹል የአንገት ሰንሰለት ነበር። ይህ ዘዴ በሁለት የዓለም ጦርነቶች በወታደር ቤት አልፎ ወደ ሲቪሉ ቤት ገባ።

በሌላ በኩል፣ በሳንክት ፒተርስበርግ፣ ውሻን ለመግራት ምንም ሐሳብ ያልነበረው አንድ ሐኪም ነበረ። ኢቫን ፓቭሎቭ የምግብ መፈጨትን ሲያጠና ውሾቹ ገና ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፣ የሚያበላቸውን ሰው ኮቴ ሲሰሙ ምራቃቸው መውረዱን አየ። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው፤ ስሙ የቀረው ግን በምራቁ ነው። ውሻ አንድን ድምፅ ከምግብ ጋር ካገናኘ ድምፁ ራሱ ምግብ ያህል ይሆንለታል። የእህቴ ልጅ የእስክሪብቶ ጠቅታ ይኸው ነው።

ከዚያ አሜሪካዊው ቢ. ኤፍ. ስኪነር መጣ። የሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ እንስሳው ራሱ አንድ ነገር ሲያደርግ ወዲያው ከተሸለመ ያን ነገር ይደጋግማል ወይ? አዎን፣ ይደጋግማል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1951 በአንድ የታወቀ የሳይንስ መጽሔት ላይ፣ ማንኛውም ሰው ቤቱ ሆኖ ውሻውን በጥቂት ምግብና በልጆች መጫወቻ ጠቅታ ምን ሊያስተምር እንደሚችል ጻፈ። ተማሪዎቹ የነበሩት ባልና ሚስት፣ ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ፣ ከሱ ቀድመው እ.ኤ.አ. በ1947 በዚሁ ዘዴ ዶሮና ውሻ፣ አሳማና ድመት እያሠለጠኑ ለማስታወቂያና ለትርዒት ማቅረብን ሥራ ብለው ይዘውታል። የውሻ አሠልጣኞች ግን አልሰሟቸውም። ውሻ በጣቶች መካከል በተያዘ ቁራሽ ይታዘዛል ማለት ለወታደር ቤት ልጆች ቀልድ ነበር። ዘዴው ዞሮ የገባው በባሕር በኩል ነው። ዶልፊንን በሰንሰለት መጎተት አይቻልም፤ ቢቀየሙ ጠልቀው ይሄዳሉ። በሃዋይ ዶልፊን ታሠለጥን የነበረችው ካረን ፕራየር በሽልማት ብቻ መሥራትን ግድ ሆኖባት ተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍም ይህንኑ ለውሻ፣ ለልጅና ለባል ሳይቀር የሚሆን አድርጋ አቀረበችው።

ምስሉስ እንዴት ገባበት? በቴሌቪዥን ውሻ መግራትን የሕዝብ ጨዋታ ያደረገችው ባርባራ ዉድሃውስ የምትባል እንግሊዛዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 ቢቢሲ ተከታታይ ትምህርቷን ሲያሳይ ሰባ ዓመት ሊሞላት ነበር። ቀሚሷን አስተካክላ፣ በመምህር ድምፅ ውሻውን ሳይሆን ባለቤቱን ትገሥጻለች፤ እንግሊዝ በሙሉ ከውሻው ጋር ቁጭ ብሎ ያያት ነበር። ማነቂያውን ሰንሰለት ግን አልተወችውም። ቀጥሎ የቪዲዮ ካሴት ዘመን መጣ። ኢየን ዳንባር የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1987 የቡችላ ትምህርቱን በካሴት አወጣ። እስከዚያ ድረስ ውሻ ስድስት ወር ሳይሞላው አይሠለጥንም ይባል ነበር፤ ምክንያቱም በሰንሰለት የሚጎተተውን አንገት ቡችላ አይችለውም። ዳንባር ግን ምግብ በጣቶቹ ይዞ ከአፍንጫው በላይ አሳለፈ። ያን ሳነብ ስልኩን ለልጁ ሰጠሁትና «ያንተ ፈረንጅ የዚህ ደቀ መዝሙር ነው» አልኩት። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት ካሴቱ ከሱቅ ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ ኪስ፣ በመጨረሻም ወደ ሞርሲቶ ገባ።

እኛም ብንሆን ከቪዲዮ መማርን ዛሬ አልጀመርነውም። በሆሳዕና የቪዲዮ ቤት ዘመን ከሕንድ ፊልሙ ጎን የካራቴው ነበር። የሠፈራችን ወጣቶች ጨለማው ክፍል ውስጥ ያዩትን ርግጫ ጧት ሜዳ ላይ ይሞክሩት ነበር፤ አንዱ ክንዱን እስኪሰበር። ቪዲዮ እጅንና እግርን ያሳያል፤ ምክንያቱን ግን አያሳይም። የምክንያቱ አለመታየት ያመጣውን ጣጣ ደግሞ ከሁለተኛው ቪዲዮ አየን።

ሁለተኛው ምክር፣ «ገልብጠው፣ ጌታው አንተ መሆንህን ያውቅ» የሚለው፣ መነሻው ተኩላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሩዶልፍ ሼንከል የተባለ የስዊስ አጥኚ በባዝል ከተማ የአራዊት ማቆያ ውስጥ የታጎሩ ተኩላዎችን ተመልክቶ፣ ለበላይነት ዘወትር እንደሚታገሉና ከመካከላቸው አንድ አውራ እንደሚወጣ ጻፈ። ዴቪድ ሚች የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ይህን ሐሳብ አስፋፋው። ውሻ ከተኩላ የወረደ ነውና፣ የውሻ አሠልጣኞች «እንግዲያው የቤቱ አውራ እኛ እንሁን» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ውሻ የሚያረቡ መነኮሳት ባሳተሙት መጽሐፍ ውሻን በጀርባው መገልበጥን መከሩ፤ ምክሩም ዓለምን አዳረሰ።

ስሕተቱ የቱ ላይ ነው? ሚች ራሱ ከዚያ በኋላ በሰሜን ካናዳ በረዶ ላይ ነጻ ተኩላዎችን ለዓመታት ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ያገኘውን ሲጽፍ፣ የተኩላ መንጋ በጉልበት የተገዛ ሠራዊት ሳይሆን ቤተሰብ ነው አለ። «አውራ» የተባሉት አባትና እናት ናቸው፤ ተከታዮቹ ልጆቻቸው ናቸው፤ ሲያድጉ የራሳቸውን ጎጆ ሊቀልሱ ይወጣሉ። በባዝል የታየው ትግል ከየቤቱ ለቃቅመው በአንድ አጥር ያጎሩት የማይተዋወቅ ፍጥረት ትግል ነበር። እስር ቤትን አይቶ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እንደማለት ያለ ነው። ሚች የቀድሞ መጽሐፉ ዳግመኛ እንዳይታተም አሳታሚውን ለዓመታት ለመነ። መነኮሳቱም በኋላ በወጣው እትማቸው መገልበጡን አንመክርም ብለው ተመለሱ። አንድ ሊቅ «ተሳስቻለሁ» ለማለት 29 ዓመት ፈጀበት፤ የተሳሳተው ቃል ግን ከእርማቱ ቀድሞ ሞርሲቶ ገባ።

ይህን ሁሉ በስምንተኛው ቀን ማታ እሳት ዳር ለአባቴ ተረክሁላቸው። መከታ ከበረቱ ጥግ ታሥሮ ያየናል። ዐይኑ ደኅና ነው፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይበላል። አባቴ ስለ ጀርመኑም ስለ ሩሲያውም ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ ለልጁ፣

«ውሻ ሲበላ አይነካም፤ ይህን ሳትጠይቀኝ ስልክ ጠየቅህ?» አሉት።

ልጁ አቀረቀረ። እሳቸው ቀጠሉ። ቡችላ ሲመጣ የሚያበላው አንድ ሰው ነው፤ እጁንም ያሸተዋል። ጓሮ ሌሊት የሚገባው ከአሮጌ ውሻ ጋር ነው፤ ጃርትን እንዴት ከእሾሁ ርቆ ማባረር እንደሚቻል የሚያስተምረው አሮጌው እንጂ ሰው አይደለም። ጅብ በመጣ ለት የጮኸ ውሻ ጧት ሁለት ጊዜ ይጎርሳል። በከንቱ የጮኸ አይመታም፤ ዝም ይባላል፤ ማንም ካላየው ይሰለቸዋል።

ስልኩ ላይ ያነበብኩትን በሐሳቤ መለስ ብዬ አየሁት። ሽልማቱ ወዲያው ይሁን፤ የማትፈልገውን ነገር አትሸልመው። ስኪነር በእርግብ ላይ የሠራው ይኸው አልነበረምን? መቼም አባቴ ሁሉን ያውቃሉ ማለቴ አይደለም። የመከታን ጆሮ ያስቆረጡት እሳቸው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ታሥሮ የዋለ ውሻ ሌሊት ይበረታል ብለው የሚያምኑም እሳቸው ናቸው፤ ታሥሮ የዋለ ውሻ ግን የሚብስበት ፍርሃቱ ነው። ክትባትንም አላሰቡም። ሆኖም የሚያውቁትን የሚያውቁት ከአንድ ግቢ፣ ከአንድ ጓሮ፣ ከሰባና ከሰማንያ ዓመት ነው። ቪዲዮው የማያውቀው ደግሞ ይህችን ግቢ ነው።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት ሁልጊዜ በስድብነቱ ነበር የማውቀው፤ ለሆዱ ያደረ፣ ለጌታው የሚናከስ ሰው ሲባል። በዚያች ማታ ግን ሌላ ትርጉም ሰጠኝ። ውሻ የሚወድደውና የሚጠብቀው የበላበትን ነው፤ የተገለበጠበትን አይደለም። ፓቭሎቭ ብዙ ውሾችና ብዙ ዓመታት ፈጅቶ ያስመሰከረውን የእኛ ሰው በሦስት ቃል ብሎት ነበር፤ ችግሩ ስድብ አድርገን መያዛችን ነው። ውሻ ለትልቅ ሥራ መብቃቱን ከፈለግን ሩቅ መሄድም አያሻም። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የፈንጂ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት በኖርዌይ ሕዝባዊ እርዳታ ድጋፍ ፈንጂ አሽታች ውሾችን አሠማርቶ ነበር። ገበሬው ወደ ማሳው እንዲመለስ መሬቱን ካሸተቱለት መካከል ውሻም ነበረበት። ውሻ ምን አገባት ከእርሻ አትበሉ።

አሥረኛው ቀን ነጋ። መከታ ጅራቱን እየቆላ ቆሞ ጠበቀን። እህቴ አለቀሰች፤ ስለ ውሻው ሳይሆን ስለ ልጇ። አባቴ ወጥተው ገመዱን ራሳቸው ፈቱት። ልጁ አንጓው በፋሻ እንደተጠቀለለ በግራ እጁ የቆጮ ቁራሽ ይዞ ተጠጋ፤ ውሻው ግን ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቁጭ አላለም፤ አልጮኸም፤ ራቀ ብቻ። የልጁን ፊት ያየ ሰው ከንክሻው ይልቅ ይህ እንዳመመው ያውቃል።

«ጣልለትና ሂድ» አሉት አባቴ። «ነገም ጥለህ ሂድ። እሱ ሲፈልግ ይመጣል።»

ልጁ አራቱን መርፌ ጨረሰ። መከታም በወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ተከተበ፤ ወረቀቱ ከአባቴ የግብር ደረሰኞች ጋር በአንድ ሣጥን ተቀምጧል። እኔ አዲስ አበባ ተመለስኩ። በኅዳር አጋማሽ ስልኬ ጠራ።

«አጎቴ፣ ዛሬ ከእጄ በላ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም፤ እኔም ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።

ለገና ሞርሲቶ ስሄድ መከታ ከበር ላይ ያዘኝና እስኪበቃው ጮኸብኝ። ጎረቤቶች ሳቁ፤ እኔ ግን አልተቀየምኩም። ከኔ እጅ በልቶ አያውቅምና።